ሰዓቱንና ቦታውን እስክናውቅ

ልጃችን 7ኛ ክፍል በገባበት ዓመት፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ገና ድረስ ትልልቅ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያንገላቱት እኛ ወላጆቹ አላወቅንም። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር 20 ደቂቃ አይሞላም። ቅርበቱ ምንም አልጠቀመንም። ይህን የምጽፈው እነዚያን ወራት ያስበሉንን ስህተቶች ሌላ ወላጅ እንዳይደግማቸው ነው። ስለዚህ የቤታችንን ታሪክ አሳጥሬ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚበላሽ ላይ እቆያለሁ።

አስቀድሞ ይህን ነገር ከተራ የልጆች ጠብ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት እኩዮች ኳስ ላይ ተጋጭተው ቢቧቀሱ፣ ማታ ተኮራርፈው ጠዋት አብረው ቢሄዱ ጠብ ነው፤ ያልፋል። ጉዳዩን ኖርዌይ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያጠናው ዳን ኦልዌውስ ጉልበተኝነትን በሦስት ነገር ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና በሁለቱ ወገን መካከል የአቅም ልዩነት መኖሩ። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። ሦስት ሆኖ በአንድ ላይ መቆም አቅም ነው። ዕድሜም አቅም ነው፤ ትምህርት ተቋርጦ ሲቀጥል የ12 እና የ16 ዓመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። የከተማ ልጅነት ከገጠር በመጣው ላይ፣ የቤተሰብ ስም ደግሞ መጥፎ ስም በወጣለት ቤተሰብ ልጅ ላይ አቅም ይሆናል። እኛ «ልጆች ናቸው፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ» እያልን የቆየነው ይህን ልዩነት ባለማየታችን ነው።

ምልክቶቹን ወደ ኋላ ስንቆጥራቸው ከጥቅምት ጀምሮ ፊታችን ነበሩ። እሑድ ማታ «ሆዴን» ይላል። ሰኞ ጠዋት ይብስበታል። «በቃ ዛሬ ቅር» ከተባለ ግን 4 ሰዓት ሳይሞላ ይለቀዋል። ጤና ጣቢያ ወስደን ሰገራው ተመረመረ፤ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ጨረሰው፤ በሚቀጥለው እሑድ ሕመሙ ተመለሰ። ፀበልም ወሰድነው። ሁለቱንም በማድረጋችን አልጸጸትም፤ የልጅ ሆድ ሕመም መታየት አለበት። የሚጸጽተኝ የሕመሙን ቀን አለመቁጠራችን ነው። የአንጀት ትል ሰኞን ከቅዳሜ አይለይም። የገና ዕረፍት ሲመጣ ሕመሙ ጠፋ፤ ትምህርት ሊከፈት አንድ ሌሊት ሲቀረው ተመልሶ መጣ። ዓይናችን የተከፈተው ያን ሌሊት ነው። ልብ በሉ፣ ልጁ አልዋሸም። ፍርሃት ሆድን በእውነት ይቆርጣል፤ ስለዚህ «አስመሳይ» አትበሉት።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚያስገርመኝ ምልክት ሽንት ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ሲገባ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። ጠዋት ውኃ አይጠጣም። ሞልተን የሰጠነው የውኃ ፕላስቲክ እንደ ሞላ ይመለሳል። የተማሪ ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ ከግቢው ጀርባ፣ ከመምህራን ዓይን የራቀ ነው፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። ጉልበተኛ የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ የሚፈራ ልጅ ደግሞ እዚያ ላለመሄድ ሲል ውኃውን ይተዋል። ልጃችሁ ውኃ ሳይጠጣ የሚመለስ ከሆነ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቁ።

ሦስተኛው ዳቦው ነው። ለእረፍት አንድ ዳቦ እንቋጥርለት ነበር፤ ኅዳር ላይ «ሁለት አድርጉልኝ» አለ። እያደገ ነው ብለን ደስ አለን። ሁለት ዳቦ ይዞ የሄደው ልጅ ግን ልክ እንደ ድሮው ተርቦ ይመጣል። አንዱ ዳቦ ግብር ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሁለቱም። ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ የ5 እና የ10 ብር ጥያቄ ሲበዛ፣ እስክሪብቶ በሳምንት ሁለቴ ሲጠፋ፣ ደብተር ከመሐሉ ተቀዶ ወይም በሌላ እጅ ጽሕፈት ተሰድቦበት ሲገኝ፣ «ጣልኩት» የሚለውን መልስ ቶሎ አትቀበሉ።

የቁስል ቦታም ይናገራል። ሮጦ የወደቀ ልጅ የሚላጠው ጉልበቱ፣ መዳፉ፣ ክርኑ፣ አገጩ ነው። ክንዱ ላይ ከላይ በውስጥ በኩል፣ ጀርባው፣ ጭኑ፣ ከጆሮው ጀርባ የበለዘ እንደሆነ ግን መውደቅ ብቻውን አያስረዳውም። ዩኒፎርሙን ስታጥቡ የአንገቱን ቁልፍ፣ የኪሱን ስፌትና የጀርባውን ቀለም እዩ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። አጭሩን መንገድ ትቶ መዞር፤ ደወል ሊደወል ሲል ብቻ መድረስ፤ ለወትሮው የማይነካውን ታናሽ መምታት፤ «ወላጅ ስብሰባ አትምጡ» ማለት፤ ውጤት በሁሉም ሳይሆን በአንድ ትምህርት ብቻ መውረድ (መምህሩ ዘግይቶ የሚገባበት ክፍለ ጊዜ እንዳይሆን አጣሩ)። በሴት ልጆች ላይ ደግሞ ዱላው ያንስና ማግለሉና ሹክሹክታው ይበዛል። ልጅቷ በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ከሆነ የወር አበባዋን እያዩ የሚያላግጡባት ልጆች እንዳሉ፣ ግቢው ውስጥም የምትቀይርበት የሚዘጋ ክፍል እንዳለ ጠይቋት። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲደጋገሙ ግን መነሳት ነው።

አሁን ስህተቶቻችንን ልናገር። ነገሩ መኖሩን እንዳወቅን ባለቤቴ ያለው «አንተስ እጅ የለህም? ለምን አትመልስለትም?» ነበር። ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ላሳደገ አባት ይህ ቃል ከአፍ ቀድሞ የሚወጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ውጤቱ ግን ይኸው፦ ልጁ በማግሥቱ አንዱን መታ፤ ሦስት ሆነው ደበደቡት፤ መምህር የደረሰው እሱ እጁን በሰነዘረበት ቅጽበት ስለነበር የተቀጣው እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምንም አልነገረንም። መመለስ የሚችል ልጅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመርጡትም ነበር፤ የሚመረጠው እንደማይመልስ ስለታወቀ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የእኔ ነው። የአንደኛውን ልጅ ቤት ጠይቄ ሄድኩ። እናቱ በትሕትና ተቀበለችኝ፤ አባቱ ግን እኔ እያለሁ ልጁን በቀበቶ መታው። በልቤ ተፈታ ብዬ ተመለስኩ። በማግሥቱ ልጄ «አሳባቂ» የሚል ስም ወጥቶለት ጠበቀኝ፤ ቡድኑም ከሦስት ወደ አምስት አደገ። በሌላው ልጅ ቤት በር ላይ ብቻችሁን አትቁሙ። ሁለቱ ወላጆች መገናኘት ካለባቸው ትምህርት ቤቱ ይጥራ፤ ውይይቱም በመምህር ፊት ይሁን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን መገሠጽም ያው ነው፤ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ልጁ እዚያው ይውላል።

ያዳነን ነገር ቀላል ነበር። ጉልበተኝነት ቀኑን ሙሉ፣ ግቢውን ሁሉ አይሞላም። ሰዓት አለው፤ ቦታ አለው። አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ በሌለበት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው፦ እረፍት ላይ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል መምህር ሲቀያየር፣ ደወል ከተደወለ በኋላ በሩ ላይ ሲጨናነቅ። ሰዓቱንና ቦታውን ያወቀ ወላጅ ትምህርት ቤቱን የሚጠይቀው ቁርጥ ያለ ነገር ይኖረዋል።

ይህን ከልጅ አፍ ማውጣት ግን ዘዴ ይፈልጋል። ፊት ለፊት አስቀምጦ «ማነው የነካህ? ተናገር!» ማለት አፉን ይዘጋዋል። እጅ በሥራ ሲያዝ ነው የሚያወራው፤ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ እሱ ባቄላ እየፈለፈለ፣ ወይም አብረን ወፍጮ ቤት ስንሄድ። ጥያቄውም ስለ እሱ ብቻ አይሁን። «እረፍት ላይ የት ትቆማላችሁ? ክፍላችሁ ውስጥ ሁሉም የሚፈራው ማን ነው? ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አለ? ማንም የማይሄድበት ቦታ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የደብተር ጀርባ ላይ ግቢውን እንዲሥል አድርጉ፦ በሩን፣ ክፍሎቹን፣ የውኃ ቦኖውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሜዳውን፣ አጥሩ ሥር ያለውን ባሕር ዛፍ። የማይሄድበትን ቦታ በእርሳስ እንዲያከብበው አድርጉ። የእኛ ልጅ ሁለት ቦታ አከበበ፦ ሽንት ቤቱንና ከ7ኛ ክፍሎቹ ጀርባ ያለውን ጠባብ መተላለፊያ። ለወራት ያልተናገረውን ያ ሥዕል በአንድ ማታ ነገረን።

ሲነግራችሁ የመጀመሪያው መልሳችሁ ብዙ ይወስናል። አትቆጡ፤ አታልቅሱ፤ በዚያው ቅጽበት ተነሥታችሁ አትውጡ። «ስለ ነገርከኝ ደግ አደረግህ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ምን እንደማደርግ አስቀድሜ እነግርሃለሁ እንጂ ሳታውቅ የትም አልሄድም» በሉት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ መናገራችሁ አይቀርም፤ ቃል ካፈረሳችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ መዝገቡ ነው። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝታችሁ ገጹን በአምስት ዓምድ ክፈሉት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተደረገው ወይም የተባለው፣ ያየ ሰው። የተባለው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ «ሰደቡኝ» ሳይሆን ስድቡ ራሱ። የሰማችሁትንና የገመታችሁትን አትቀላቅሉ፤ ልጁ ያላየውን «ሳይሆን አይቀርም» እያላችሁ ከሞላችሁት አንዱ ስህተት ሲገኝበት ሌላውም አይታመንም። ቁስልን በቀን ብርሃን በስልክ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ ጎኑ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡ፤ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ፊቱ ወይም እጁ አብሮ እንዲታይ ከራቅ ብሎ። የተቀደደ ልብስ ሳይሰፋ ይቀመጥ። ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ በካርዱ ላይ «ተመትቻለሁ» ማለቱ እንዲጻፍ ጠይቁ። የስድብ መልእክት በቴሌግራም ከመጣ ልጁ በንዴት ሳያጠፋው ስሙና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪን ሾት አንሱት። ለስድብና ለዳቦ ዓይነቱ ነገር የሁለት ሳምንት መዝገብ ይበቃል። ድንጋይ፣ ዱላ ወይም ስለት ካለበት መዝገብ አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት መሄድ ነው።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ ደረጃውን ጠብቁ፦ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩ ወይም ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አትሂዱ፤ ማንም ጊዜ የለውም፤ ልጆቹም ያዩአችኋል። ቀጠሮ ይዛችሁ ትምህርት ካለቀ በኋላ ግቡ። ባልና ሚስት አብራችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲናገር አንዱ ይጽፋል። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ቀን፣ ፊርማ፣ ከተቻለ ማኅተም ይደረግበት። ብዙ ወላጅ ይህ ጸብ መፈለግ ይመስለዋል፤ አይደለም። መምህራን ይቀያየራሉ፤ በአፍ የተነገረ ነገር አብሮ ይሄዳል፤ ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

መምህሩን እንደ ተከሳሽ አታናግሩት። ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው ክፍል የሚይዝ ሰው የኋለኛውን ዴስክ ሹክሹክታ ባይሰማ አይገርምም። ተረኛ መምህር እረፍት ላይ የሚቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢሮው ፊት ወይም ዋናው በር ላይ ነው፤ ሽንት ቤቱ ጀርባ አይደለም። ሥዕሉን ዘርግተን ሁለቱን ቦታዎች ስናሳየው መምህሩ ራሱ ደነገጠ።

የምትጠይቁት «ቅጡልኝ» አይሁን። እኛ አምስት ነገር ጠየቅን። በእረፍት ሰዓት አንድ አዋቂ ሽንት ቤቱ አካባቢ እንዲቆም። ከልጃችን ጀርባ የሚቀመጠው ልጅ ወደ ፊት እንዲዛወር፤ የሚዛወረው የሚነካው ነው እንጂ የተነካው አይደለም፣ ካልሆነ ቅጣቱ በእሱ ላይ ይሆናል። ነገር ሲነሳ ያለ ፈቃድ ሊሄድበት የሚችል አንድ መምህር በስሙ እንዲነገረው። ልጆቹ ለየብቻ እንዲጠየቁ። በስምንተኛው ቀን ተመልሰን እንድንገናኝ። አምስተኛውን አትርሱ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ቃል ሰኔ ይደርሳል።

ልጆችን ለየብቻ የመጠየቁ ነገር ብዙ ቦታ ይበላሻል። ሁሉንም አንድ ቢሮ አሰልፎ «ማነው የመታህ?» ቢባል የተመታው ልጅ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ «ማንም» ይላል። ያዩትን ልጆች ሲጠይቁም ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ስምንት አሥር ልጅ በየተራ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያኔ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። በሰልፍ ላይ ስሙን ጠርቶ መምከርም ጉዳት ነው።

ዱላውንም ተቃወሙ። አንዳንድ ወላጅ «ግረፉልኝ» ይላል፤ አንዳንድ መምህርም ፈቃደኛ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ለበዳዩም ልጅ ይሠራል። ከሕጉም ሌላ፣ በቀበቶ የተገረፈው ልጅ በማግሥቱ ምን እንዳደረገ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ስለ ሽምግልና ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እኛ አገር ከባዱ እሱ ነውና። ትምህርት ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ የንስሐ አባትም መጀመሪያ የሚሉት «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፤ ተሳሳሙ» ነው። ዕርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእኩዮች ጠብ ከእሱ የሚሻል የለም። ጉልበተኝነት ግን ሁለት ወገን የተጣላበት ነገር አይደለም። አንዱ ያደርጋል፣ አንዱ ይደረግበታል። ያልበደለውን ልጅ «አንተም ይቅርታ በለው» ስትሉት ጥፋቱን ታካፍሉታላችሁ፤ በዳዩም ዋጋ ሳይከፍል ስሙ ይጸዳል። የእኛም ልጅ አንድ ጊዜ እንዲህ ተስሞ፣ በሦስተኛው ቀን መተላለፊያው ውስጥ ዳቦውን ተቀምቷል። መጀመሪያ ድርጊቱ ይቁም፤ የተወሰደው ይመለስ፤ ቢያንስ አንድ ወር ሰላም ሆኖ ይታይ። ዕርቁ ከዚያ በኋላ ቢመጣ፣ ልጁም ራሱ ከፈለገ፣ መልካም ነው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስድብ አለ። አካባቢያችን ውስጥ የሸማኔ፣ የአንጥረኛ፣ የቆዳ ፋቂና የሸክላ ሠሪ ልጆች «ቡዳ» እየተባሉ ይገለላሉ፤ አብሯቸው ዴስክ የሚጋራ፣ ከምግባቸው የሚቀምስ ይጠፋል። ይህን ብዙ አዋቂ እንደ ቀልድ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ያምንበታል፤ ስለዚህ ልጁ የሚከስስበት ሰው የለውም። ወላጅ ለመምህሩ ቃሉን ሳይሸፍን በስሙ ይንገረው፤ መምህሩም የልጁን ስም ሳያነሣ ለክፍሉ ሁሉ ያስተምር። እናቱ ወይም አባቱ ዝሆኔ ያለበት ልጅም እንዲሁ ይሰደባል። ጎጃም ውስጥ ብዙ ሰው የሚያጠቃው የእግር ዝሆኔ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ በመነካካት አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ መከላከል ይቻላል። የሳይንስ መምህር ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስረዳ ይችላል፤ ከምክር ይልቅ ስድቡን የሚያፈርሰው ይህ ነው።

ከጎዛምንም ይሁን ከሌላ ገጠር ልጃችሁን ለ9ኛ ክፍል ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የላካችሁ ወላጆች ደግሞ ምልክቱን የምታዩት ስንቁ ላይ ነው። እስከ ዓርብ ይበቃ የነበረ እንጀራና ሽሮ ረቡዕ ላይ ካለቀ፣ ከሰል ቶሎ ከጠፋ፣ ልጁ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት የሚመጣበትን ምክንያት ካበዛ፣ ትልልቅ ልጆች ክፍሉን እየገቡ እየበሉበት ሊሆን ይችላል። ብቻውን አታስቀምጡት፤ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሦስት አራት ልጆች አብረው ይከራዩ። ቁልፍ ከውስጥም ከውጭም ይኑረው። ለገበያ ስትመጡ ሳትነግሩት ጎራ በሉ፤ አከራይዋንም «ማን ይመጣል? ስንት ሰዓት ያመሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። የአከራይ ዓይን ከወላጅ ምክር ይልቅ ቅርብ ነው።

ቤት ውስጥ ያደረግነው የሚከተለው ነው። እጁን ይዞ ክፍል ድረስ ማድረስ ለ7ኛ ክፍል ልጅ ሌላ መሳለቂያ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ እየጠበቀችው አብረው እንዲሄዱ ከእናቷ ጋር ተስማማን። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ልጆች ከአንድ ይልቅ አይደፈሩም። ማታ ማታ አምስት ደቂቃ መልስ ተለማመድን፦ ቀና ብሎ መቆም፣ ዓይን ማየት፣ በጎላ ድምፅ «ተው! አልፈልግም» ማለት፣ ከዚያ ሳይሮጥ አዋቂ ወዳለበት መሄድ። ይህ ጉልበተኛውን ያስቆመዋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጥቅሙ ልጁ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው ነገር እንዲኖረው ነው። ስለት አውጥተው ገንዘብ ከጠየቁት ግን ሰጥቶ እንዲመጣ ንገሩት።

ሁለት ዙር ተነጋግራችሁ ለውጥ ካላያችሁ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን፣ ከዚያ የወረዳውን ወይም የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዚያው ማመልከቻ ቅጂ ጠይቁ። በስለት መጉዳት፣ ገንዘብ መቀማትና ማንኛውም ወሲባዊ ትንኮሳ የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ። የወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ደግሞ በተለየ ሁኔታ ነው የሚያያቸው፤ ስለዚህ «ልጁን አሳሰራችሁ» የሚለው ወቀሳ አያስፈራችሁ። ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ተይዞ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። ይህን ጉዳይ ሽማግሌ ሊዘጋው አይችልም።

በዳዩ የእናንተ ልጅ ቢሆንስ? ያልገዛችሁለት እስክሪብቶ፣ ያልሰጣችሁት ብር፣ ከሱ የሚሸሹ ታናናሾች፤ እነዚህን እዩ። ትምህርት ቤት ሲጠራችሁ «የእኔ ልጅ አያደርገውም» አትበሉ፤ አትምቱትም። የወሰደውን በእጁ ይመልስ፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን የሚውልበትን ሰዓት ቀንሱ፤ እሱንስ የሚመታው ማን እንደሆነ ጠይቁ። በእኛ ጉዳይ ዋናው ልጅ ታላቅ ወንድሙ በየቀኑ የሚደበድበው ልጅ ነበር፤ ይህ የታወቀው መምህሩ ለብቻው ስላነጋገረው ነው። ያ ሲታወቅ ሌሎቹ አራቱ ቶሎ ተበተኑ።

ጥር ላይ የቆመው ነገር መጋቢት ላይ በሌላ መልክ ተመለሰ፦ ዱላው ቀርቶ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በፎቶው መሳለቅ። ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ ይፈለጋል። ለወላጅ «ያልፋል» የሚያሰኝ ጊዜም ይኸው ነው። ደብተሩን አልዘጋነውም ነበርና ያነሣነውን ስክሪን ሾት አያይዘን በሁለተኛው ቀን መምህሩ ዘንድ ቀረብን፤ በሳምንቱ ግሩፑን መምህሩ ራሱ የሚቆጣጠረው ሆነ። ልጃችንን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወርም አስበን ነበር። ማዛወር አንዳንዴ ግድ ይሆናል፤ ከሆነ ግን በዓመቱ መሐል ከምትነቅሉት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይሁን፤ አዲሱ ቦታም የክፍል ኃላፊውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ችግሩን ደብቆ የሚሄድ ልጅ እዚያም ብቻውን ነው የሚቆመው።

ታናሽ እህቱ በሚቀጥለው ዓመት 7ኛ ትገባለች። በምዝገባው ሰሞን፣ ግቢው ባዶ ሳለ፣ ይዘናት ገብተን ነበር። የሽንት ቤቱን በር ከውስጥ ዘግታ ሞከረችው፤ መወርወሪያው ተሰብሯል። ለጥበቃው ነግረን በማግሥቱ ባለቤቴ መወርወሪያና አራት ሚስማር ይዞ ሄደ።